ሁለት ክፍል የበላ ተዝካር

በሁለት የታጠቁ ወገኖች መካከል ሽማግሌ ሆኜ የተመላለስሁት ለአገር ሰላም ብዬ ነው ስል ብዙ ሰው ሰምቶኛል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ብያለሁ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ብያለሁ፤ ቡሬ ላይ በአንድ ሹም ቢሮ ደግሞ ከወንበሬ ተነሥቼ ብያለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሄድሁት ለልጄ ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን "እውነት ተናገር" እያልሁ ሳስጨንቅ ኖሬ የራሴን እውነት ብደብቅ፣ ነገ ልጆቼን የምገሥጽበት አፍ አይኖረኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

እኔ ተማሪ ሆኜ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ጢሜ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ ከአባቴ እኩዮች ኋላ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲያ አስተማሪ የለኝም። ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ በመጨረሻም አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሰጠኝን የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፍ። እሱን ከነማውጫው ሁለት ጊዜ ወጣሁት። ከዚያ በኋላ በቀበሌያችን ማመልከቻ የሚጽፈው፣ ውል የሚያዋውለው እኔ ሆንሁ። ሕግ ማወቅ አንድ ክፉ ነገር አለበት፤ ሰው ሁሉ አጥፊ ሆኖ ይታያል። ሚስቴ "አንተን ያስተማረህ ሰው ስላልነበረ፣ በቃ ዝም በል ያለህም አልነበረም" ትለኛለች።

እርሻዬ ከቡሬ ወደ ገጠር ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። በቆሎና በርበሬ አመርታለሁ። ታላላቆቹ ልጆቼ ጎጆ ወጥተዋል፤ አንዱ ፍኖተ ሰላም አናጢ ነው። እቤት የቀረችው የመጨረሻዋ ሴት ልጄ ናት። እሷ ስምንተኛ ክፍል በገባች በሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ቤታችን ተዘጋ።

ማን ዘጋው ቢባል፣ መልሱ እንደሚጠየቅበት ቦታ ይለያያል። ከተማ ብትጠይቁ ጫካ ያሉት ናቸው ትባላላችሁ። ገጠር ብትጠይቁ ወታደር በግቢው ያሰፈሩት፣ ከተማ ያሉት ናቸው ትባላላችሁ። እኛ ዘንድ ስማቸው በግልጽ አይጠራም፤ በሁለቱም በኩል "እነዚያ" ነው የሚባለው፤ ሰውም ተናጋሪው የቆመበትን አይቶ ይረዳል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ቁልፉ በዘበኛው ቤት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ዓመት መቆየቱን ብቻ ነው።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ልጄን ራሴ አስተማርኋት። ማለዳ ከሥራ በፊት አስነብባታለሁ፤ የተሳሳተችውን አሥር ጊዜ አስጽፋታለሁ። የማውቀው ብዙ ስላልነበረ ቶሎ አለቀ። አንድ ቀን ከሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፏ አንድ ጥያቄ አውጥታ ሰጠችኝ። ብዙ አየሁት። "ለዛሬ ይበቃል" ብዬ ከብቶቹን ላጠጣ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ያንኑ ጥያቄ ታቀርብልኝ ጀመር፤ እኔም በየማለዳው ከብቶቹ ይጠማቸው ጀመር።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ቆሙ። ወንበር ቢቀርብላቸው አንቀመጥም አሉ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ቆሞ ያደክማል እንጂ።

"ለልጅዎ መጥተናል" አሉ ትልቁ።

"ልጄ ተማሪ ናት" አልሁ።

"የት ነው የምትማር ጌታው?"

"ትምህርት ቤት ነዋ።"

"ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ፍየል ገብታበት አየሁ።"

"ሰባተኛ ክፍል ነው የገባችው" አለ ሁለተኛው። "የቤተ ዘመድ ፍየል ናት፤ አውቃታለሁ። ጎበዝ ናት።"

ቤተሰቡ ጨዋ ነው። ወፍጮ አላቸው፤ ልጁም ታታሪ ነው ይባላል። ልጄ ግን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሕጉ አሥራ ስምንት እንደሚል ከእኔ በላይ የሚያውቅ በቀበሌው የለም፤ ለሌሎች አባቶች ጣቴን ቀስሬ ጠቅሼላቸዋለሁ። በራሴ ደጅ ሦስት ሽማግሌ ቆመው ሳይ አንቀጹ ጠፋኝ። ዘመኑ ሴት ልጅ እቤት አስቀምጦ የሚተኛበት አይደለም፤ ፈራሁ። የፈራ ሰው ደግሞ ብልህ ነገር የተናገረ ይመስለዋል።

"እንዲህ እናድርግ" አልኋቸው። "ትምህርት ቤቱ እስከ ጥምቀት ካልተከፈተ ልጄ የእናንተ ናት። ከተከፈተ ግን ይህን ነገር ዳግም እንዳታነሡብኝ።"

ተያዩና ተቀመጡ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ብዬ ስንቱን አባት አሳፍሬያለሁ፤ አሁን ቃሉ የእኔ ሆነ።

በማግስቱ ልጄ ቁርሴን አስቀምጣ አልሄደችም።

"አባዬ፣ ትናንት እኔ እቤት ነበርሁ?"

"ነበርሽ።"

"አልተጠየቅሁም እኮ፤ ያልነበርሁ መስሎኝ ነው።"

"ለልጅ አባት ይመልሳል።"

"እሺ። ቀኑን ቆርጠው ሰጥተዋል፤ እንግዲህ ያስከፍቱልኝ" አለችና ሳህኑን ይዛ ሄደች። ገና አልበላሁም ነበር።

ሽማግሌ የሆንሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረም።

ሦስት ሆንን። አንደኛው የአጥቢያችን ቄስ ናቸው፤ የእኔም የነፍስ አባት ናቸው። ሁለተኛው የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ መኪናው በሁለቱም ወገን ኬላ ስለሚያልፍ በሁለቱም በኩል የሚያውቀው ሰው አለ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ መጻፍ ስለምችል። ነጋዴው መንገዱ እንዲከፈትለት ይፈልጋል። እኔ የምፈልገውን ታውቃላችሁ። ቄሱ ለራሳቸው ምንም አይፈልጉም ነበር፤ ለዚህም ነው መሰለኝ ከሦስታችን ብዙ የማይናገሩት እሳቸው የነበሩ።

ገና ሳንነሣ ሥርዓት ይኑረን አልሁ፤ ሥርዓቱንም እኔው ጻፍሁት። አንደኛ፣ ነገሩ እስኪያልቅ ከሁለቱም ወገን ቤት እህል ውኃ አንቀምስም። የጥንት ሽማግሌ የሚከበረው በዚህ ነበር፤ የባለጉዳይ እህል የበላ ሽማግሌ ምላሱ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን በዚህ ጉዳይ የግል ጥቅም ያለው የለም። ይህን ሁለተኛውን የጻፍሁት አሳምሬ ነው። ቄሱ ወረቀቱን አንብበው ቀና ብለው አዩኝና ፈረሙ። ነጋዴው ሳያነብ ፈረመ።

መጀመሪያ ቡሬ ሄድን። ሹሙን ለማግኘት ሁለት ቀን በር ላይ ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ገባንና ሹሙ "አባቶቻችን፣ የእኛ በር ለሰላም ሁልጊዜ ክፍት ነው" አለን። ሁለት ቀን ተዘግቶ ያየሁት በር ስለነበር ነገሩን በጥሞና አዳመጥሁት። የታሸገ ውኃ ቀረበልን። እኔ ተነሥቼ አንደኛውን ደንባችንን አነበብሁ።

"ውኃው እኮ የመንግሥት አይደለም፤ ከሱቅ ነው የመጣ" አለ ሹሙ።

"ደንብ ደንብ ነው" አልሁ።

ነጋዴው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ጠምቶት ነበርና በክፉ ዓይን አየኝ።

ሹሙ ግን ቀና ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ወይም ትምህርት ቤት ተከፈተ ብሎ ሪፖርት መጻፍ አስፈልጎት ነበር። ወታደር በግቢው አይሰፍርም፤ መምህራን ይመለሳሉ፤ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ይከፈት፤ የስምንተኛ ፈተና ሲደርስ ወረቀቱ በአጃቢ ይመጣል አለ። ሁሉንም ጻፍሁ። ነጋዴው ወደ ጫካ በሰው ላከ፤ ከዚያም "ለልጆች ነገር አንከፋም፤ ይምጡ እንጨርሰው" የሚል መልስ መጣ። ነገሩ በእጃችን የገባ መስሎኝ ልጄን "የሰባተኛ ደብተርሽን አገላብጪው" አልኋት።

የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ወደ ጫካዎቹ በእግራችን ወጣን። ባጃጅ ቆሟል፤ ጋሪም አይታይም። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን ከመንገዱ ዳር ዳስ ተጥሎ አየን። ሰው ተሰብስቧል፤ ጠላ ይቀዳል። የሙት ዓመት ተዝካር ነው። እኛ ስናልፍ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች እናት ወጥታ መንገዱ ላይ ቆመች።

"ቄስ ይዛችሁ የልጄን ነፍስ ረግጣችሁ ልታልፉ ነው?" አለች።

"እናቴ፣ የተላክንበት ጉዳይ አለ፤ ነፍስ ይማር" አለ ነጋዴው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "አያ፣ የማን እንደሆነ አናውቅም፤ እንለፍ" አለኝ።

እኔ ቆምሁ። ሰው የሚሰማኝ ቦታ ስቆም አንድ ነገር ይነሣብኛል፤ ይህን ሚስቴም ቄሱም ያውቁታል።

"የሙት እህል አልፎ የሚሄድ ሽማግሌ ስለ ሰላም ምን አፍ አለው?" አልሁት፣ ዳሱ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "እምቢ ማለት ለሕያው ነው። ለሙት እምቢ አይባልም።"

"ወረቀቱስ?"

"ወረቀቱ የሚለው ከሁለቱ ወገን ነው። ሙት ወገን የለውም።"

ነገሩ ዛሬም ሲታየኝ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ትክክለኛውን ነገር ያለ ጊዜው ማለቴ ነው። ገባን። ቄሱ ለጸሎት የጠየቁት እንደ ደንቡ የክርስትና ስሙን ነበር፤ በክርስትና ስም ደግሞ ሟቹ በሕይወቱ ማን እንደነበር፣ ምን ይዞ እንደሞተ አይታወቅም። ወልደ እገሌ ተባለ፤ ነፍስ ይማር አልን፤ ተቀመጥን። ወጡ ቅመሙ ሞልቶ የተሠራ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጨመረልኝ። ከበላሁ በኋላም ስለ ፍቅርና ስለ መቻቻል አጭር ቃል ተናገርሁ፤ አጭር ነበር ማለቴ በእኔ ልክ ነው። አንዲት ሴት አለቀሰች። ነጋዴው እየደጋገመ ፀሐይዋን ያያል።

በእኛ አገር በዚያ ሰሞን የስልክ መስመር አይሠራም ነበር። ወሬ ግን የስልክ መስመር አይጠብቅም። እኛ ለመገናኛ ከተቀጠረልን ባሕር ዛፍ ሥር ስንደርስ የበላነው ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

የጫካዎቹ አለቃ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ጎልማሳ ነው። ጠመንጃውን ለሌላ አቀብሎ ጉልበታችንን ሊስም ዝቅ አለ፤ ያሳደገው ሰው እንዳለ ያስታውቃል። ከኋላው አሥር ያህል የታጠቁ ልጆች ቆመዋል። እነሱ አልተጠጉም።

"አባቶቼ፣ ከመንገድ ናችሁ። እህል ይቅረብ" አለ።

እኔ ወረቀቴን አወጣሁ። "ነገሩ እስኪያልቅ ከሁለቱም ወገን ቤት እህል ውኃ አንቀምስም" ብዬ አነበብሁ። ሁለተኛውንም አስከትዬ አነበብሁ፤ የግል ጥቅም የለንም የሚለውን። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"ጽሑፉ የማን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"እጅዎ ያምራል። የኔታ ናቸው ያስተማሩዎት?"

"ራሴ ነኝ የተማርሁ።"

"ይታያል" አለ። "ለመሆኑ የተዝካሩ ወጥ እንዴት ነበር? በርበሬው በዛ ብሏል ብለውኛል።"

ነጋዴው መሬት መሬት አየ። ቄሱ ቀስ ብለው "የሙት ዓመት ነው ልጄ፤ የክርስቲያን ነፍስ ነው" አሉ።

"ልክ ነው አባ፣ የክርስቲያን ነው። የሚሊሻም ነው። አምና ከእኛ ጋር ሲታኮስ የሞተ ሰው ነው። እኔም ነፍሱን ይማር እላለሁ፤ ሙት አልጠላም።" በአገጩ ወደ ኋላው አመለከተ። "እነዚህ ግን በዚያው ቀን ጓደኛ ሞቶባቸዋል። የሱን ተዝካር የበላ ሽማግሌ አላዩም።"

"የት ነው? እንሄዳለን። ፍታቱንም ጸሎቱንም አደርሳለሁ" አሉ ቄሱ።

"እናቱ ተዝካሩን አላወጣችም አባ። ቤቷ ከኬላው አጠገብ ነው፤ ልጅሽ የት ሞተ ብለው ይጠይቋታል። ዳስ መጣል የምትችለው የእነዚያ እናት ናት።"

ለዚህ በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ አንቀጽ የለም። ሙት ወገን የለውም ብዬ በዳሱ ፊት የሰበክሁት ከሁለት ሰዓት በፊት ነው፤ እሱ ደግሞ ሙትም ወገን እንዳለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳየኝ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ለሰው ስተርተው የኖርሁት ተረት እኔው ላይ አረፈ።

አለቃው ከእኛ ጋር ተቀመጠና ድምፁን ቀነሰ።

"አባቶቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ትናንት ቢሆን ሙሉውን እፈቅድ ነበር። ዛሬ ሙሉውን ብፈቅድ፣ ሽማግሌዎቹ የእነዚያን በልተው መጡ፣ አለቃችን አሜን አለ ይሉኛል። እነዚህን ልጆች ነገም አዝዛቸዋለሁ። የሆነ ነገር መቀነስ አለብኝ።"

"ምን?" አለ ነጋዴው።

ትንሽ አሰበ። ሲያስብ በጣቱ አፈሩ ላይ መስመር ያሰምር ነበር። "የስምንተኛ ፈተና በአጃቢ ነው የሚመጣው። አጃቢ በመጣ ቀን ተኩስ አለ፤ ልጆች መካከል ተኩስ አልፈልግም። ስምንተኛ ይቅር። ስምንተኛ ከሌለ ሰባተኛም የትም አያደርስም፤ እሱም ይቅር። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ይከፈት።"

"እስከ ስድስተኛም ትልቅ ነገር ነው፤ እግዜር ይስጥህ" አለ ነጋዴው፣ ሰውየው ሳይጨርስ።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ቤቴን ያውቃሉ፤ ልጄን ያጠመቁ እሳቸው ናቸው። "አንተስ? የምትለው የለህም?" አሉኝ።

የምለው ነበረኝ። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ካልተከፈተላት ለጥምቀት ልድራት ቃል ሰጥቻለሁ፣ ተዝካሩንም ያስበላኋቸው እኔ ነኝ፣ እዳው የእኔ ነውና በሌላ ነገር ቅጣኝ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን "የግል ጥቅም ያለው የለም" የሚለው ወረቀት በእጄ ነበር፤ አለቃው ገና አሁን ጽሕፈቱን ያመሰገነልኝ ወረቀት።

"ለሰላም ሲባል ጥሩ ነው" አልሁ።

ስንመለስ ነጋዴው ቀደም ብሎ ይሄድ ነበር፤ ደስ ብሎታል። ቄሱ ከእኔ ጋር ቀሩ።

"ለምን አልተናገርህም?"

"ወረቀቱ ላይ የጻፍነው አለ አባ።"

"ማን ነው የጻፈው?"

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ። "እኔም አውቄ ፈርሜያለሁ፤ ሁለታችንም ንስሐ አለብን" አሉና መቋሚያቸውን ወደ ሌላው ትከሻ አዞሩ። ያንተ ይበልጣል አላሉም። ቢሉ ይቀለኝ ነበር።

ቡሬ ያለው ሹም ስድስት ክፍል መባሉን ሲሰማ አልተከራከረም። ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል ማለት ይቻላል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ፤ ይቻላል አልነው። በሳምንቱ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ጥረት ፍሬ አፈራ ተባለ። ገጠር ውስጥ ደግሞ የጫካዎቹ ለሕፃናት ሲሉ ፈቀዱ ተባለ። ሁለቱም አሸነፉ። ሁለት ወገን ያሸነፈበት ጦርነት መጨረሻው ሰላም ነው የሚል አንድ ቦታ አንብቤያለሁ፤ የተሸነፈው ሦስተኛ ወገን እኔ ቤት ሽሮ እየፈጨ መሆኑን ግን አልጻፉትም።

ለልጄ ነገርኋት። እንደ ልማዴ ከመግቢያ ልጀምር ብዬ ስለ አገር ሰላም ተናገርሁ። "ስንተኛ ድረስ ነው?" አለች። ስድስተኛ አልሁ። ተዝካሩንም ነገርኋት፤ መደበቅ አልቻልሁም።

"ስንት እንጀራ በሉ?"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ለክፍል ስንት እንጀራ እንደደረሰ ላስላው ብዬ ነው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዱላ ነበር የምመልስ። ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። እናቷም በእሷ በኩል ስለነበረች ውኃ እንኳ ራሴ ቀድቼ ጠጣሁ።

ወሬው ለሙሽራው ወገን ለመድረስ አልዘገየም። ያው ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ፤ ያው ቆሙ።

"ለጥምቀት ጥቂት ነው የቀረ፤ ድግሱን እንድንጀምር ይፍቀዱልን" አሉ ትልቁ።

አፌን ስከፍት ልጄ ከጓዳ ወጣች። በእኛ ቤት ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ እንዲህ ወጥታ አታውቅም። ነጠላዋን አደግድጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ቃሏን ግን አልደፋችም።

"አባቶቼ፣ የተባለው ትምህርት ቤቱ ካልተከፈተ ነው። ተከፍቷል።"

"ላንቺ አልተከፈተም ልጄ" አሉ ትልቁ በትዕግሥት። "እስከ ስድስተኛ ነው። አንቺ ስድስተኛን ጨርሰሻል።"

"እደግማለሁ።"

"ምን?"

"ስድስተኛን እደግማለሁ። መድገም ከተማም አልከለከለ፣ ጫካም አልከለከለ።"

ሁለተኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። "ጉድ ነው፤ ሰው ደረጃ ወደ ታች ይወጣል?" አለ።

"ፍየሏም ከሰባተኛ ወርዳለች" አለችው።

ትልቁ ወደ እኔ ዞሩ። "ጌታው፣ ሕግ አዋቂ እርስዎ ነዎት። ቃሉን ሲሰጡ እንዲህ ማለትዎ ነበር?"

አልነበረም። እኔ ሳስብ የነበረው ልጄ ወደ ላይ ስትወጣ እንጂ የተወችው ወንበር ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ አልነበረም። ሕጉም ውል በቅን ልቦና ይተርጎም ይላል፤ ለሌላ ሰው ቢሆን ይህንኑ ጠቅሼ እፈርድበት ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ልጄ መሬት መሬት እያየች ነው፤ አውራ ጣቷ ግን የነጠላዋን ጥለት እየፈተለ እየፈታ ነበር። ባሕር ዛፉ ሥር ዝም ያልሁት ትዝ አለኝ።

"ቃሉ ተከፈተ ይላል፤ ተከፍቷል" አልሁ። "ይህን ነገር ዳግም እንዳታነሡብኝ ብያችሁ ነበር።"

ትልቁ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "የታጠቀ ሰው አስታርቆ የመጣ ሽማግሌ እኛን ያልታጠቅነውን እንዲህ ያደርጋል?" አሉና በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። እንደ ቆሙ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንገናኝ ሰላምታቸው አጭር ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በቅሬታቸውም አልፈርድም።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በመጀመሪያው ሰኞ አብሬያት ሄድሁ። ርዕሰ መምህሩ ከሦስት መምህራን ጋር ተመልሶ ነበር። መዝገቡን ገልጦ "ስንተኛ ክፍል?" አለኝ፤ ልጄን ያውቃታል፤ የሰባተኛ ክፍል ካርዷን የፈረመው እሱ ነው።

"ስድስተኛ" አልሁ።

ጻፈ። እስክሪብቶውን ሳያነሣ "ስድስተኛን ልድገም ካሉት ዛሬ ሰባተኛዋ ናት" አለኝ። ለካ ብልሃቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። በሳምንቱ መጨረሻ ስድስተኛ የሚደግሙ አሥራ አምስት ደረሱ። አንዳንዶቹ ከመምህሩ ይረዝማሉ፤ ጉልበታቸው ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ መተላለፊያው ተዘርግቷል። ልጄ ከመጨረሻው ረድፍ ትቀመጣለች። ፊት ለፊቷ የስድስተኛ መጽሐፍ ይከፈታል፤ በጉልበቷ ላይ ግን የትኛው መጽሐፍ እንዳለ መምህሩ አያይም፤ አያይም ማለቴ አይመለከትም።

ጥምቀት አለፈ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነጋዴው መጣ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ከጫካው አለቃ የተላከ ቃል ይዞ ነው።

"ስድስተኛ ክፍላችሁ ጢም አብቅሏል ይባላል፤ ምንድን ነው ነገሩ? ብሎሃል" አለኝ።

"ስቆ ነው ተቆጥቶ?"

"አያ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? በሰው ነው የላከብኝ። ያመጣው ሰው ደግሞ ፊት የሚባል ነገር የለውም።"

ርዕሰ መምህሩ ፈራ። ትልልቆቹን ለጊዜው ወደ ቤት ልመልሳቸው አለ፤ ካልሆነም እኔ ደብዳቤ እንድጽፍ፣ በሕመምና በከብት ጥበቃ ምክንያት የዘገዩ ልጆች ናቸው ብዬ እንዳስረዳ ለመነኝ። "እርስዎ ያሳምሩታል" አለ። ነጋዴውም ይሻላል አለ። ቄሱ ተጠርተው መጡ፤ ጉዳዩን ሰምተው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

ትልልቆቹ ቢመለሱ ልጄ የምትቀመጠው እቤት ነው፤ ሌሎች ሽማግሌዎች ደግሞ መንገዱን ያውቁታል። እውነቱን ብጽፍና ቢቆጣ በትንንሾቹም ጭምር ትምህርት ቤቱ ሊዘጋባቸው ይችላል። ይህን ሁሉ አሰብሁ። ውሸቱን አሳምሬ ልጽፈው እንደምችልም አውቅ ነበር፤ በደንባችን ወረቀት ላይ አንዴ ጽፌ አይቼዋለሁ።

የጻፍሁት ይህን ነው። ትልልቆቹ ሰባተኛና ስምንተኛ የነበሩ ናቸው። ስድስተኛ የገቡት ሌላ የተከፈተ በር ስላጡ ነው። ከእነሱ አንዷ ልጄ ናት፤ ባሕር ዛፉ ሥር የግል ጥቅም የለኝም ብዬ ያነበብሁልህ ውሸት ነበር። ተዝካሩን እንብላ ያልሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቄሱና ነጋዴው እንለፍ ብለው ነበር። የጓደኛችሁ እናት ዳስ መጣል የምትችልበት ቀን ሲመጣ፣ ጠሩኝም አልጠሩኝም እመጣለሁ። ለእኔ ጥፋት ቅጣት ካለህ በእኔ አድርገው፤ ከልጆቹ አታጉድል።

ስለ ቄሱ የጻፍሁት ልክ አልነበረም፤ እንለፍ ያለው ነጋዴው ብቻ ነው። ቄሱ አንብበው በእስክሪብቶው "ቄሱና" የሚለውን ሰረዙት፤ "እኔም ተቀምጫለሁ፤ በልቻለሁም" አሉ። ከነስርዙ ላክነው።

ይህን ስጽፍ ከአንድ ወር በላይ ሆኖታል። ነጋዴውን በየገበያው ቀን እጠይቀዋለሁ፤ "ደርሶታል፤ ዝም ብሏል" ይለኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ብዙ ሰው ላይ የጠቀስሁት አንቀጽ ነው፤ በዚህ አንድ ነገር ሕጉ ተሳስቶ ቢገኝ አልከፋም። ልጄ ዛሬም ማለዳ ደብተሯን ይዛ ወጥታለች። እናቷ በቆሎውን ለምን ሁልጊዜ መንገዱ በሚታይበት በኩል ተቀምጬ እንደምፈለፍል ትጠይቀኛለች፤ እኔም ብርሃኑ በዚያ በኩል ይሻላል እላታለሁ።